ዕድሜ ልክ

ጠረጴዛ ቁጥር አራት፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
ሃያ ሁለት ክረምት ኖርኩ፣ ስልክ ሳነሳ፣ ቅጽ ስሰበስብ።
ከታች ፋብሪካው ነው፤ ብረት ይቀልጣል፣ ይፈስሳል፤
ከላይ እኔ ነኝ፤ የተሰበረው ሁሉ ወደኔ ይመለሳል።

የምንሠራው መጭመቂያ ነው፣
ባዶ ቀለሃ ዳግም ባሩድና እርሳስ የሚጎርስበት፤
የአይዳሆ አዳኝ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ
የክረምት ሥጋውን አስቀድሞ የሚያሰላበት።

በየካርቶኑ ጎን ታትሟል፦ "ዋስትናው ዕድሜ ልክ"።
የማን ዕድሜ? ያለኝ የለም፤ እኔም አላልኩ፣ ዝም ብዬ ሳነሳ ስልክ።

"ሚዛኔ ላይ በመኪና ወጣሁበት" ብሎ የሚያምን አለ፤
"እንዲሁ ተቀምጦ ተሰበረ" የሚል ግን በየሳምንቱ ደወለ።
ብረት ተቀምጦ አይሰበርም። ደንባችን ግን "አትጠይቁ" ይላል፤
ፒኑም፣ ስፕሪንጉም፣ ብሎኑም በነጻ በፖስታ ይላካል።
አንዱ ከቴክሳስ እናቴን ጨምሮ ሰድቦኝ ስልኩን ዘጋ፤
በሳምንቱ አንድ ከረጢት ለውዝ ላከ፣ የይቅርታ ዋጋ።

የአደኑ ወር ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው
ከሞንታና ሣጥን መጣ፣ በድርብ ገመድ የታሰረው።
ፖስተኛው "ሬሳ ነው ወይ?" አለኝ ሲያወርደው።

መጭመቂያ ነው። አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ፣
እጀታው ከአንገቱ የተቆረጠ።
የእጀታው ጫፍ ላይ ያለችው የእንጨት ኳስ
በአንድ ሰው መዳፍ አርባ ዓመት ታሽታለች፣
የወንዝ ጠጠር እስክትመስል ድረስ።
ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ደግሞ አንዲት ቀለሃ ተሰንቅራለች፤
ዘይት ሳይነካት የገባች፣ አልገባም አልወጣም ብላለች።

ይህስ የተለመደ ነው። ታች ዴልበርት አለ፤ ይሰረስራል፣
ብሎን ይሰድዳል፣ ይጎትታል፤ ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል።
ግን ከሥር ደብዳቤ ነበረ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት፦
"እጀታውን ቀይሩልኝ። ቀለሃዋን ግን እንዳትነኳት።
አባቴ ጉናር ሆልቨርሰን ነው ያስገባት።
ቀጭ ሲል ሰምቼ ወጣሁ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፣
'ብረቱ ቀድሞኝ ደከመ፤ ለኩባንያው ይነገር' ይላል።
በማግስቱ ማታ"

ከማታ ወዲያ አልተጻፈም።
ከታች ስሟ ብቻ፦ ቬርና።

ቅጹ ሦስት ሣጥን አለው፦ ተጠግኗል፣ ተለውጧል፣ ውድቅ ሆኗል።
"እንደነበረ ተትቷል" የሚል ሣጥን ከየት ይመጣል?
አለቃዬ ልጅ ነው፣ ደግም ነው፦ "አዲስ ይላክላት" አለ፣
"አሮጌው ወደ እቶኑ"። ደግነትም አንዳንዴ እሳት አለው፤ ተቃጠለ።

ደወልኩላት።
"ደረሰኝ የለኝም" አለች ገና ስሜን ሳልናገር።
"ማንም አልጠየቀሽም" አልኳት። ዝም አለች። ነፋስ ይሰማኝ ነበር።
ከዚያ፦ "ይኼ ዕድሜ ልክ የምትሉት፣
የሱ ነው ወይስ የኔ?"

ሃያ ሁለት ክረምት ሙሉ ያመለጠኝ ጥያቄ መጣ።
ዳኛ ሲለው ፍርድ ነው፤ ነጋዴ ሲለው ስጦታ፤
ቀሪ ሲለው ሁለቱንም ነው፣ እስር ቤትና ገጸ በረከት፤
ብረት ለብረት ዋስ ይሆናል፤ ለሰው ዋስ ያጣሁለት።
"የብረቱ ነው" አልኳት በመጨረሻ። ውሸት አልነበረም፤
እውነትም አልነበረም።

አዲስ እጀታ ገጠምን፤ አሮጌዋን ኳስ መልሰን።
ቀለሃዋን ከነማውጫዋ በስስ ጨርቅ ጠቅልለን።
ዴልበርት ሳይታዘዝ ዙሪያዋን ዘይት ቀባት፣ ዝገት እንዳይገባት፤
ከጎኗ ሌላ አዲስ ማውጫ ጨመረ፦ "አጋዘኑ እንዳያመልጣት"።
ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ "የአምራች ጉድለት አልተገኘም"።
አለቃዬ አነበበው። ፈረመ። ምንም አላለም።

ገመዱን ዳግም አሰርኩ፣ እንደ አመጣጡ፣ በድርብ።
ስልኩ ጠራ። አንዱ ነው፦ "እንዲሁ ተቀምጦ ተሰበረብኝ" የሚል።
"ይሰበራል" አልኩት፤ "አድራሻዎን ይንገሩኝ፣ ልመዝግብ።"