ያልተጋጨ ገላ

ፍሬን እየከዳው ከሐረጎ ቁልቁል የወረደ ሁሉ
ጥርሱ ረግፎ ይመጣል፤ ባለቤቶቹም «መልክ ስጠው» ይላሉ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ የቆርቆሮ ወጌሻ፣
የሰው ግጭት ሳቃና፣ የሰው ስብራት ሳሽ፣
ስቱኮ ስለጥፍ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስልግ እስኪመሽ፣
አንድም ቀን ከእጄ
ያልተጋጨ ገላ ወጥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ጀመርሁ።
ከጓሮ፣ ካጥሩ ስር፣ በሁለት አሮጌ ጎማ ላይ፣
ቆመው የሚነዱት የውሃ ሞተር፣ ለሐይቅ።

አራጋው በቆርቆሮው ሽንቁር አጮልቆ አየና
«ይመር፣ በምን ውሃ? የበጋው ቦርከና
ቁርጭምጭሚት አይደርስ!» ብሎ ሳቀብኝ።
አልመለስሁለትም።
ማድረቂያ የጠጣ ሬዚን ወሬ አይጠብቅም።

አንድ ንጣፍ ፋይበር፣ አንድ ጉርሻ ሬዚን፣ ደግሞ ሌላ ንጣፍ፤
ብናኙ አንገቴን ሲበላኝ ያድራል።
ሉባባ አንሶላ ለየች፣
«ከጀልባህ ጋር ተኛ» እያለች።

ቀለም የረጨሁ ለት
አቧራ እንዳይነሣ ግቢውን ሦስት ጊዜ ውሃ አጠጣሁት፤
ነፋሱም አዘነልኝ፣ ቆመ።
አንዲት ትንኝ ግን ከየት እንደመጣች
ካፍንጫው ጫፍ፣ ከእርጥቡ ሰማያዊ ላይ አረፈች።
መርፌ አነሣሁ ላወጣት፤
ተውኋት።
የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ትሁን።

ሞተሩ ገና ነው። ገንዘቡም።
ትናንት ማታ ግን፣ መብራት እንደጠፋ፣
ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት፤
ጉልበቴን አጠፍ፣ እጀታ የሌለውን እጀታ ጨበጥ፤
ጎማዎቹ ከስር ላወስ፣ ላወስ አሉ።

ከበር፣ አንድ ዓይና አይሱዙ ጥሩምባ ነፋ።
«ነገ በጠዋት!» አልሁት፣
ሳልወርድ።