ማመልከቻ

ለከተማችን ትራንስፖርት፣ ለክቡር ጽሕፈት ቤት፣
አመልካች አሊጋዝ ይመር፣ የአሮጌ አይሱዙ ሾፌር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሐረጎን የወጣሁ፣ ጭነት በጭነት።

ማስታወቂያችሁን ሸዋበር አየሁት፣ ከእህል በረንዳው ምሰሶ፣
ግማሹን ዝናብ በልቶት፣ ግማሹ በቀለሙ ርሶ፦
«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት
ለንግድ ተሽከርካሪ ክልክል ነው ጡሩምባ መንፋት፣
ቴፕ ማስጮህ፣ ተሳፋሪ መጣራት፣ ሞተር እያስጓሩ መቆም።»
ማኅተሙ ክብ ነው። ክርክር የለኝም።

ደግ አደረጋችሁ። ባጃጁ አብዝቶት ነበር፤
ረዳቱም «ሐይቅ! ሐይቅ! ሐይቅ!» ሲል፣ ዓሣው እስኪደነብር።
ሲኖትራኩም ቢሆን፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር የሚያስነጥሰው፣
እንኳን የተኛ ሰው፣ ያባንናል የሞተ ሰው።

እኔ ግን፣ ጌቶቼ፣ ያለችኝ አንዲት ድምፅ ናት፤
ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ቧንቧ ውሃ መታጠፊያው ላይ የምለቃት።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ባለቤቴ በእሷ ትነቃለች፣
የግቢውን በር ትከፍታለች፣
ሽሮም ካለ ታሞቃለች።
ደግሞስ የከተማው ወሰን ከየት ይጀምር ይሆን?
ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ መብራቴ ወተት ሲሆን፣
ጡሩምባ ነው የኔ ዓይን።

ሦስት መቶ ብር ተቀጣሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል።
ትራፊኩ ጨዋ ልጅ ነው፣ «አብሽር ጋሼ» ብሎኛል።

እስከዚህ የጻፍኩት ማክሰኞ ነው።

ሐሙስ ቢሯችሁ መጥቼ «ከሳሼ ማነው?» አልኩ።
ጸሐፊዋ ፋይሉን ስትገልጥ በትከሻዋ አሻግሬ አየሁ።
ስም የለውም። አንድ አውራ ጣት ብቻ፣ ሐምራዊ፣
መሃሉን ማጭድ የሰነጠቀው።
ያን ጣት አውቀዋለሁ።
ደሙ እየፈሰሰ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፣
ከሮቢት ጀምሬ ጡሩምባዬን እየነፋሁ።
የእትዬ ጦይባ ጣት ነው። የኑርዬ እናት።

ኑርዬን አታውቁትም። ረዳቴ ነበር።
ጎማ ሲፈታ ያፏጫል፤ ሒሳብ ሲቀበል ይሳሳታል፣
ሁልጊዜ ግን ለድሃው በሚጠቅም በኩል።
ያቺን ድምፅ የፈጠራት እሱ ነው፣ እጁን በእጄ ላይ ጭኖ፦
«ሁለቱ አጭር ጦይ-ባ ነው፣ ረጅሙ ክፈቺ» ብሎ።

አራተኛ ክረምቱ ነው።
ሞተር ጠፍቶብን፣ ሐረጎ ላይ፣ ታኮ ሊጥል ወረደ።
ጉም ነበር። ሌላ መኪና መጣ።
ጡሩምባ አልነፋም።

እኔ ድምፁን ወረስኩ፤ ሳላስበው፣ እጄ ለምዶ፣
በየሌሊቱ፣ ከሐረጎ ማዶ
መጥቼ መታጠፊያው ላይ ስነፋ፣
እሷ ትነሣለች። መቀነቷን ታጠብቃለች።
መወርወሪያውን ስባ በሯን ትከፍታለች።
ትቆማለች።
የአይሱዙው የኋላ መብራት ያልፋል።
ትዘጋለች።

«ልቤስ አውቆታል፣ አሊጋዝ» አለችኝ፣
ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፤
«እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

ስለዚህ ማመልከቻዬን አንስቻለሁ፤ ቅጣቱንም ይብላችሁ፣
ስለ ጉሙ የጠየቅኩት ግን እንዳለ ነው፣ መልሱን እጠብቃለሁ።

አሁን መኪናዬን ከታች፣ ከማደያው አጠገብ እያቆምኩ
ቁልፌን በእፍኜ አፍኜ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ።
ውሾቹ ሰፈሩን ያነቁታል፤
ለእነሱ የወጣ መመሪያ ካለ ይለጠፍ፣ ያነቡታል።
ባለቤቴም አትሰማኝ፣ መስኮቱን በጥፍሬ እስክጭር።

ትናንት በእትዬ ጦይባ ደጅ ሳልፍ ጫማዬን አውልቄ ነበር።
አልነፋሁም። አላሳልኩም። ትራፊክም አልነበረ።

በሯ ገርበብ ብሎ ነበር።