«ልቀቁ»

ሻርጃ። አሥራ አራተኛ ፎቅ። መስታወት እወለውላለሁ፤
ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተጋድመዋል፣ መምህሯን እሰማለሁ፦
«ልቀቁ… የያዛችሁትን ሁሉ ልቀቁ፣ በቀስታ።»
ሳቄን በጨርቁ አፈንኩት፣ ከባልዲዬ ጎን፣ ላንዳፍታ።

እኔ ምን ልልቀቅ?
ፓስፖርቴ ከካፊሌ መሳቢያ፣
የሁለት ወር ደሞዜ ከ«ኢንሻላህ» ማቆያ፤
ዮጋ መልቀቅ ከሆነ፣ እኔ ቀድሜ ተመርቄያለሁ፣
ምንጣፍም ሳልገዛ።

ማታ፣ ምድር ቤት፣ ራጋቫን የመኪኖቹ ዘበኛ፣
ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ ሳይተኛ፣
እንደኔው በተሰባበረ ዐረብኛ፦
«እህቴ፣ እግር ማጠፍ ምን አለው? ሸሚዝም ይታጠፋል።
እስኪ ትንፋሽሽን ያዢው፤ የያዙት መቼ ይከርማል?»

ያዝኩት።
ሃያ… ሠላሳ… አርባ ላይ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ሲል፣
ከትንፋሼ ጋር ማንን አገኘሁ? ውዴነሽን፤
ቤት ሥሪልኝ ብዬ የላክሁትን የበላች እህቴን፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ጨብጫት።
«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉ ነበር፤
እኔስ ስስል ነው የኖርኩት፣ ሌሊቱን፣ በዚህ አገር።

ለቀቅሁ።
የባሕሩ ወበቅ ገባ፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ።
ራጋቫን «ሄደ?» አለኝ።
«ግማሹ» አልኩት። «ግማሹ ነገ።»