ግማሽ ዕድሜ

ሌሊቱን ሲያወርደው ሳይጎን ውሃ ሞላ፣
መንገዱ ተቆርጦ ከፊትም ከኋላ፤
ሣጥኑ ግን ደርሷል፣ ዐሥር ሰዓት ሌሊት፣
ከባሕር ማዶ አገር፣ ባንድ ሰው ስም፣ በጭነት።
እርሳስ በላስቲክ ላይ፣ ላስቲክ በብርጭቆ፣
ውስጡ ዳማ ደለል ከታች ተደብቆ።

ደለል አትበሉት፤ ዶቃ ነው፣ ሚሊዮን፣
ከጸጉር የቀጠነ፣ የማይታይ ለዓይን፤
እያንዳንዱ ፍሬ ኢትሪየም ተሸክሞ
ያለ ጢስ የሚነድ፣ ከሥር ተጋድሞ።

ሚየን ጓንት ደረበች። በጣቷ ቀለበት፤
የቃል ኪዳን አይደል፣
የጨረር ዕዳዋ የሚመዘገብበት።

ጨረሩንስ ለምዳዋለች፤ ሰዓቱን ነው የምትፈራው።
ስልሳ አራት ሰዓት ሲሞላ ግማሹ እሳት ይሞታል፣
የተረፈው ግማሽ በስልሳ አራት ደግሞ ይገመሳል፣
እንዲህ እየተገመሰ
መቼ እንዳለቀ ሳይታወቅ ያልቃል።
ግማሽ ዕድሜ ይሉታል የሙያው ሰዎች።
ከሰው ግን ማን አለ
ግማሹ ላይ ሲደርስ “ግማሽ ነው” ያለ?

ቀጠሮው ለሁለት ሰዓት። ሁለት ሆነ። ሦስት።
ቪኝ የለም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።
ሚየን እርሳስ አነሳች፤
አንዱ እርሳስ ይጋርዳል፣ አንዱ እርሳስ ይቆጥራል።
በየሰዓቱ ከመቶ አንድ፣ ከዚያም ፈቅ ይላል፤
ጽፋ ስትሰርዝ፣ ሰርዛ ስትጽፍ
አራት ሰዓት አለፈ።

አምስት ሊሆን ሲል መጣ፣
ሱሪው እስከ ጉልበት ተጠቅልሎ፣ ጫማው በእጁ፣
ልጁ ከኋላው፣ ጃንጥላዋን ንፋስ ገልብጦት።
“ይቅርታ” አለ፣ “አርባ ዓመት ሙሉ
ሜኮንግ ላይ ሰው ሳሳፍር ኖሬ
ውሃ አሳፈረኝ ዛሬ።”

በነሱ ቋንቋ ጉበት የድፍረት ስም ነው፤
ደፋሩን ሰው “ጉበት አለው” ነው የሚሉት።
ነርሷ “አይፍሩ” ስትለው ሳቀ፦
“ጉበቴን አይደል እንዴ የታመምኩት?”

ሚየን ብልቃጡን ወዘወዘች፤ ደለሉ ጉም ሆነ።
ተመልሶ ሳይሰፍር፣ እጇ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፣
ከፕላስቲኩ ግድግዳ ጀርባ በመርፌ ቀዳች፤
ሦስቱ ሰዓት የበላውን ያህል
የጠብታ ቁራጭ ጨመረች።
ለካች። ልክ ነው። ደግማ ለካች።

ከዚያ ወዲያ የሷ አይደለም።
በጭኑ ሥር በገባች ቀጭን ቱቦ
ዶቃዎቹ በደሙ ተሳፈሩ፤
ቪኝ ጣራ ጣራውን እያየ፣ መሪውን አንዴ ሳይነካ፣
በገዛ ወንዙ ላይ ሚሊዮን መንገደኛ
ዕጢው ወደብ ላይ ወረደ።
ተመላሽ የለም።

ባዶውን ብልቃጥ ሚየን መልሳ ለካችው፤
መቁጠሪያው ጥቂት አንኳኳ።
ጻፈችው። ሁልጊዜም ጥቂት ይቀራል።
ውጭ ውሃው እየጎደለ ነው፤
ደረጃው ላይ አንድ እግር ጫማ ተረስቷል።