የብልሽቱ ምክንያት

ትሬዲጋር ላይ ጥር ሲገባ፣ ጣሪያው በውርጭ ሲነጣ፣
ስልኬ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ።
«ቦይለሬ ሞተ» ይሉኛል፤ እኔ ግን አላምንም ቶሎ፤
አብዛኛው አልሞተም፣ ተኝቷል፣ አንድ ነገር ጎድሎ።

እጠይቃለሁ፦ መርፌዋ የትኛው ቁጥር ላይ ናት?
ከአንድ በታች ከወረደች፣ ውሃ ነው የጠማት።
ከሥሩ ያለውን መክፈቻ በቀስታ ያዙሩት፤
አንድ ተኩል ላይ ስትደርስ መልሰው ይዝጉት።
ነገም ከወረደች ግን፣ የሆነ ቦታ ያፈሳል፤
ምንጣፍ ሥር ተደብቆ ወለሉ ላይ ያለቅሳል።

ራዲያተር እግሩ ሞቆ አናቱ ከቀዘቀዘ፣
አየር ነው፣ ላይ ተጎልቶ መንገድ የያዘ።
በትንሿ ቁልፍ ፈታ፣ ፉጨቱን እስኪጨርስ፤
ጨርቅ ይያዙ ታዲያ፣ ግድግዳው እንዳይበሰብስ።
እንደ ድስት ቢንተከተክ፣ ሆዱን ዝቃጭ ቆርጦት ነው፤
ያ የእኔ ሥራ ነው፣ የማንም እጅ አይንካው።

ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነ ግን
አጥፍቶ መውጣት ነው፤ ሽታ የሌለው መርዝ አለ፣ አስተኝቶ የሚቀብር ሰውን።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ።
ሰኞ ዕለት ግን ኢድዋል ቤት ሄድኩ።

የደወለችው ጎረቤቱ ቤሪል ናት፦ «ካፖርት ለብሶ ይተኛል፤
ሰው እንጥራ ስለው፣ ራሱ ይድናል ይለኛል።»
በሩን ከፈተ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከረባቱን አጥብቆ፤
ስጨብጠው መፍቻ የያዝኩ መሰለኝ፣ ጣቱ በብርድ ደርቆ።
ሠላሳ ዓመት ከሰል ቆፍሯል፣ ከዚሁ ከተራራው ሥር፤
የግማሽ ከተማ ምድጃ በእሱ ትከሻ ይነድ ነበር።

ክዳኑን ፈታሁ። መርፌዋ አንድ ከሩብ፣ ግፊቱ ደኅና።
ፓምፑ ይሽከረከራል፤ የቴርሞስታቱ ባትሪ አላለቀም ገና።
ከደጅ ያለችው ቀጭን ቧንቧ በረዶ አንቋት እንደሁ ብዬ
ለብ ያለ ውሃ አፈሰስኩባት (የፈላ ይሰነጥቃል)፣ ብርዱን ችዬ።
ንጹሕ ናት። ገባሁና ማስነሻውን ደግሜ ተጫንኩት፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ብልጭታው አለ፤ እሳቱን ግን አጣሁት።

ጋዝ አይመጣም። ታዲያ የት ላይ ነው የተቋረጠው?
ኢድዋል በመስኮት ያያል፤ ከጉም በቀር ምንም የለም የሚያየው።
ደረጃው ሥር ጎንበስ አልኩ። ከጫማና ከዣንጥላ ኋላ
አስቀድሞ የሚከፈልበት ቆጣሪ፣ ሆዱ ባዶ፣ ምንም ያልበላ።
ዜሮ። ነጥብ። ዜሮ ዜሮ።
ካርዱ እንደተሰካ ነው፣ ከገና በፊት ጀምሮ።

ዝም አልኩ። እሱም ዝም። ቤቱም ዝም።
ለዚህ የሚሆን መፍቻ የለኝም፣ ሳጥኔን ብበረብርም።

«ምን ሆኗል?» አለ በመጨረሻ፣ ከረባቱን እየነካ፤
ያውቃል። እንደማውቅም ያውቃል። የጠየቀኝ ለካ
መልስ ፈልጎ አይደለም፤ ክዳን ነው የፈለገው፣
እኔ የፈታሁትን መልሼ እንድገጥመው።

«የደጁ ቧንቧ ነው» አልኩት፣ «በረዶ ዘግቶት ነበር።
ትንሽ ይጠብቁኝ፤ መኪናው ውስጥ ዕቃ አለኝ የቀረ ነገር።»
ካርዱን በመዳፌ ደብቄ ቁልቁል ወደ ሱቅ ወረድኩ፤
ሃያ ፓውንድ። ባለሱቁ «አንቺም በካርድ ነሽ?» አለ፤ «አዎ» አልኩ።

ሰካሁት። አንዴ ጠቅ። ከዚያ ያ ሰማያዊ አበባ
ባንድ ትንፋሽ ፈነዳ፤ ሙቀቱ እየተንደረደረ ቧንቧ ውስጥ ገባ።
ኢድዋል ራዲያተሩ ላይ ሁለት እጁን ዘረጋ፤
ድሮ የጉድጓዷን ድንክ ፈረስ እንደሚዳብሳት፣ ሌሊቱ ሲነጋ።

ቅጼ ላይ አንድ ባዶ መስመር አለ፤ «የብልሽቱ ምክንያት» ይላል።
«የቀዘቀዘ ቧንቧ» ብዬ ጻፍኩ። ቀለም የተሰጠውን ይቀበላል።
መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበ፣ ፈረመ ከሥሩ፤
ቤሪልን በአጥር በኩል ጠርቶ፦ «ነግሬሽ ነበር! ቧንቧ ነው፤ ደኅና ነው ቦይለሩ!»

ሞተሬን አስነስቼ አሰላሁ።
ሃያ ፓውንድ፣ በዚህ ብርድ፣ ቢበዛ እስከ ሐሙስ።