ሣጥን አርባ ሦስት

ምድር ባለቀችበት፣ በፑንታ አሬናስ፣
መስኮት ይነቀንቃል የባሕሩ ነፋስ።
እኛ ግን ከምድር ቤት፣ ከቧንቧዎቹ ሥር፣
የድሮውን ነፋስ ይዘን ስንቆጥር፣
ውጭ ያለው ያልፈናል።

ሥራዬ ቀላል ነው፦ ገጽ መግለጥ፣ ማስተኛት፣
ስካነሩን መጫን፣ ለምስሉ ቁጥር መስጠት።
ጓንት አላጠልቅም፤ አለቃዬ ኔቬንካ በመጀመሪያው ቀን፣
«ታጥበሽ ንኪው» አለች፤ «ጓንት ያሳውራል ጣትን።»

ከዚያ ሠንጠረዥ አለ፤ አያልቅም ጥያቄው፦
ጸሐፊው? ቀኑ? ስፋቱ? የወረቀቱ ዓይነት? ቋንቋው?
«አይታወቅም» የሚል ቃል አለ፤ አብዝቼ የምጽፈው፣
እናቴ ስለ አባቴ ስጠይቃት የምትመልሰው።

ሣጥን አርባ ሦስት። ዘጠኝ ደብተር፣ ጠርዙን ጨው የበላው፣
የመብራት ማማ ጠባቂ በየማታው የሞላው፦
ኤሌውቴሪዮ ኦያርሶ፤ ከቺሎኤ ተነሥቶ፣
ሚስቱን፣ ስድስት በጎች፣ አንድ ምድጃ በጀልባ ጎትቶ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጻፈ፤ የሚጽፈው ግን ያው፦
«ምዕራብ፤ ብርቱ። መርከብ የለም። ምዕራብ፤ እጅግ ብርቱ ነው።
ዘይት ሁለት በርሜል። መስታወቱን ጠረግሁ።»
እኔም ወገቤን ይዤ ሦስት ሺህ ምስል ቆጠርሁ፤
በእንቅልፌ «ምዕራብ፤ ብርቱ» እያልሁ
ነቅቼ አውቃለሁ።

ጃንዋሪ ዘጠኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ሃምሳ ስምንት።
ገጹ ላይ ሁለት ቃል፤ «ምንጩ ያልታወቀ ቡናማ እድፈት»፦

ነፋስ የለም።

የአየር ንብረት ክፍሉ ፕሮፌሰር ኢባካቼ ሳቁ፦
«በዚያ ቀን የወደቡ ጣሪያዎች ተነሥተው ወደቁ!
በቀይ አስምሩበት፤ ስህተት ነው፣ ይሰረዝ።»
ኔቬንካ እርሳሷን አነሣች፤ እጇ ግን አልታዘዝ
አላትና ተወችው።
«አጠራጣሪ» ብላ ብቻ ከሠንጠረዡ ጻፈችው።

ዐውደ ርእዩ ሲከፈት ሕዝቡ የመጣው ለወይኑ ነው፤
መስታወት ውስጥ ለተኛ ደብተር ማን ግድ አለው?
ተማሪዎች በትልቁ ስክሪን ገጾቹን በጣት እየገፉ፣
የሰው ዓመታት በደቂቃ፣ ያለ ፋታ፣ አሳለፉ።
አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ዶሚቲላ፣ ከዚያ ገጽ ላይ ቆመች።
«ማጉላት ይቻላል?» አለች።
በሁለት ጣት አሳየኋት። ቃሉ ግድግዳ አከለ፤
የቀለሙ ጠርዝ ታየ፣ ብዕሩ የት እንደዋለለ።

«ያን ሌሊት የተወለድሁት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።
«አዋላጇ ማዶ ናት፤ ባሕሩ ተነሥቷል ጀልባ ሊበላ።
እናቴ በምጥ መካከል ‹ነፋሱስ?› ትለዋለች፣
‹የለም› ይላታል። ‹መዝገቡን አምጣ፤ አንተን አላምንም› አለች።
ከአፉ ይልቅ ደብተሩን ታምናለችና፣ ሄዶ
ጻፈው፤ አሳያት፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ማቴ ሻዩ ፈሰሰ ወርዶ።»

«አመነችው?» አልኋት።
ሳቀች። «ቆርቆሮው ሲገነጠል፣ ጆሮ የላትም እንዴ?
ያመነች መሰለች እንጂ፤ እሱም እንዳይፈራ ነው እኮ፣ ልጄ።
እስኪሞት አላወቀም።»

ማታ፣ እንግዳው ሁሉ ሲበተን፣ ሦስታችን ከሠንጠረዡ ፊት ተቀመጥን፤
ለማስታወሻ የተተወው ቦታ ጠባብ ነው፤ ቃል መረጥን።
«ውሸት» ቢባል ይበዛል፤ «ስህተት» ቢባል ሐሰት፤
ፕሮፌሰሩም ኮታቸውን ለብሰው፣ «ተዉት» አሉ፣ «ዜሮውን ተዉት።»
እድፈቱን ግን አረምነው፦ «ማቴ፤ ልጃቸው እንደነገረችን።»
ከዚያ በላይ አልተስማማንም፤ ጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ መብራት አጠፋችብን።

እሷ ግን ቀደም ብላ፣ ገጹን አሳትማ፣ አጥፋ፣ ቦርሳዋ ከተተች፤
በሩ ድረስ ሸኘኋት። ነፋሱ ሻርፗን ሲቀማት፣ በሁለት እጇ ያዘች።
«ዛሬስ እንዴት ነው?» ብዬ ጮኽሁ።
«ነፋስ የለም!» አለችኝ፣ ወደ ጎን እየተራመደች።