ሦስት ጠብታ

ቂርያት ጋት፣ ሕንጻ ዐሥራ አራት፣ ከመሬት በታች፣
ሳይረን ባልጮኸበት ማታ የምንወርድ ልጆች፤
ግድግዳው ነጭ ነበር፣ እርጥበት ሳይበላው፣
ጥግ ላይ አሮጌ ብስክሌት፣ ባለቤት የሌለው፤
ፕላስቲክ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ ያጠረ፣
ከታጠፈ የውኃ ቢል ቁመት የተበደረ።

ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። ደብተሩ የኔ ነው።
ዘንዶው የት እንደሚተኛ፣ ድልድዩ መቼ እንደሚፈርስ፣
ማን ቆስሎ እንደሚተርፍ፣ ማን ከደጅ እንደሚመለስ
የማውቀው እኔ ነኝ፤ ካላወቅሁም አስመስላለሁ።

ብልቃጡን ግን አላሰብኩትም።
ናዳቭ፣ ሌባችን፣ የሞተ ጠንቋይ ኪስ በርብሮ
"ምን አገኘሁ?" አለኝ፣ ዳይሱን ወርውሮ።
ዐሥራ ዘጠኝ ወጣ።
ዐሥራ ዘጠኝ ለጣለ ልጅ ባዶ ኪስ አይሰጥም፤
ደብተሬ ላይ ግን አንድም ቃል የለም።
"ብልቃጥ" አልኩ። "ዘይት።" "የምን ዘይት?" አለ።
አፌ ቀደመኝ፣ እስክሪብቶዬ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፦
"የተቀባ ሁሉ የመጀመሪያ ስሙን ይናገራል፤
ሦስት ጠብታ ነው፤ አይዋሽም፤ ሲያልቅ ያልቃል።"
"ምን ምን ይሸታል?" አለች ኖያ። "ኑግ" አልኩ።
ኑግ ምን እንደሆነ በዕብራይስጥ መንገር አልቻልኩ።

አንደኛዋን ጠብታ ቀልድ ላይ አጠፏት፤
የበቅሏቸውን ጆሮ ለሳቅ ብለው ቀቧት።
በቅሎዋ አንገቷን አዙራ፣ እንደ ጨዋ ወይዘሮ፣
"ሳልሸጥ በፊት አለኝታ ነበር ስሜ" አለች።
ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም አልጋለባትም፤
ጭነቷን ተከፋፈሉት፣ ማንም ሳያዛቸው።

ሁለተኛዋ ብልቃጡ ውስጥ ዓመት ሊሞላት ከረመች።
ከመዳቡ በር ደረሱ። በሩ ቁልፍ የለውም፤
በተለጠፈ ስም የመጣን ሰው አያሳልፍም።
ኤላድ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ፣
"ነጎድጓድ ሰባሪ" የሚል ነው ወረቀቱ፣
"ግንባሬን እቀባለሁ" አለ።
"የጀግናህን?"
"ግንባሬን አልኩሽ።"

አይዋሽም ብያለሁ። ዳይስ የለውም ብያለሁ።
ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ አሁን የት እገባለሁ?
የመዋዕለ ሕፃናቱን መምህርት አሰብኩ፣ ደግ ሴት፣
ስሙ ምላሷ ላይ ሦስቴ ተሰናክሎባት
ብስኩት እንደምታድል ሰው "ኤላድ እንበለው" ያለችውን፤
እናቴ "ለልጁ ከቀለለው" ብላ የተቀበለችውን፤
እኛም ቤት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ፣ እሷን የተከተልነውን።

አባቴ ሲያወጣለት ስም ብቻ አልነበረም፤
ጎንደር፣ የኪራይ ቤት፣ ሰባተኛው የጥበቃ ዓመት፣
"በሚመጣው ወር ትሄዳላችሁ" የተባልንበት ሌሊት።

"ባያብል" አልኩ።
ድምፄ ከብረቱ በር ተጋጭቶ ተመለሰ።
"ቃላቸው ባያብል ማለት ነው። ያንተ ነው።"
ናዳቭ "ባያ-ምን?" አለ፤ በሦስተኛው አቃናው።
ወንድሜ እርሳሱን በጥርሱ ይዞ ቆየ፣
ከዚያ ከወረቀቱ ጥግ፣ በጣም በትንሹ፣ ጻፈው፤
የኛን ፊደል ስለማያውቅ፣ በሚያውቀው ፊደል ጻፈው።
"በሩስ?" አለ።
"ቅድም ተከፍቷል።"

እናቴ ከደረጃው ላይ "ኤላድ! እራት!" ስትል
"መጣሁ" አለ፤ ግን አልተነሣም፣
ስሙ ላይ የወደቀ የላጲስ ብናኝ እያራገፈ።

ደብተሬ ላይ "ዘይት፦ አንድ ጠብታ" ይላል።
መታወቂያዬ ላይ ሲጋል ይላል።
ኖያ ወንበር እየደራረበች "ያንቺስ?" አለችኝ።
"ጨዋታ መሪ" አልኳት "በዚያ አገር ግንባር የለውም።"
መብራቱን አጠፋሁ።
የብረቱ በር ማጠፊያ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጮኸ።